ሦስት እጅ ሞራ

ኅዳር 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ደረሰኝ። ለሰላምታ ግማሽ መስመር፣ ለጥያቄ አራት ገጽ መስጠትሽን ሳይ ችኩልነትሽ እንዳለ መሆኑን አውቄ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው አያፈስም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም ደህና ናት፤ ስለ አንቺ ስነግራት «ጠመንጃ? ያቺ ቀጭኗ ልጅ?» ብላ መርፌዋን ጣለች፤ አብረን ስንፈልግ ቆይተን ያገኘችው እሷ ናት።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅሽ። አባትሽ ካረፈ ሰባት ወር ሞላው፤ ስለ ጠመንጃው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። የሸጥሽው መስሎኝ ነበር። ሸጠሽው ከሆነ እንዳላዝንብሽ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሱ ቦታ፣ በእሱ ጠመንጃ ዒላማ ትመቺያለሽ። እኔ የማውቅሽ ቶርኖ ላይ ቆመሽ ብረት ስትልጊ ነው።

የክለባችሁ ሊቀመንበር ያሉትን ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። ቤት ውስጥ ከቀለጠ እርሳስ በተሠራ አረር የሚተኩስ ካንቺ በቀር ስላልቀረ፣ በማጣሪያው ከመቶ ዘጠና አምስት ካላመጣሽ የመተኮሻ መስመርሽ ይዘጋል፤ ጠመንጃውም «ለመታሰቢያ» ክለቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሚስማሩን ከወዲሁ መግዛታቸው ለሥራ ትጉ ሰው መሆናቸውን ያሳያል። ወንድሜ ግን ያንን ጠመንጃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጸዳው ለግድግዳ ብሎ አይደለም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አዎ፣ የአረሩን ቅባት አሠራር ለአባትሽ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያለቀው ቆርቆሮ ላይ «የእህቴ ቅባት» ብሎ መጻፉን ግን ገና ካንቺ ሰማሁ። ለእኔ ሁልጊዜ «ያ ጭቃሽ» ነበር የሚለው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ደብዳቤውም በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ዘገየ።

አረሩ ወገቡ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉት። ለጌጥ አይደሉም፤ ቅባቱ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ቅባት ያልያዘ አረር በአፈሙዙ ውስጥ ሲሮጥ እየተላጠ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከአሥር ጥይት በኋላ ጠመንጃሽ ጉንፋን እንደያዘው ዘፋኝ ይሆናል፤ ይጮሃል እንጂ ልክ አይመታም።

በሚዛን መዝኚ፣ በግምት አይደለም። የንብ ሰም አምስት እጅ፤ ተነጥሮ የተጣራ የበሬ ሞራ ሦስት እጅ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ድስት ውስጥ ውሃ አድርገሽ፣ ጣሳውን ውሃው ውስጥ አስቀምጪ፤ ከጣሳው ሥር ጨርቅ ይኑር። ሁለቱ ሲዋሃዱ የጉሎ ዘይት ጠብ እያደረግሽ ጨምሪ፤ በየመሐሉ ጠብታ ሳህን ላይ አውጥተሽ አቀዝቅዢ። ልክ እንደ ማር ሲሆን አቁሚ።

ስለ ጽሕፈቴ ትልቅነት ጠይቀሻል። ብዕሩ አዲስ ነው፤ አፉ ወፍራም ነው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 2

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጣሪያውስ? ልብስ ሰፊዋስ? መርፌዋስ? ልብ ይበሉ፣ ሰላምታው አንድ መስመር ሞልቷል፤ ማርክ እንዳይቀንሱብኝ።

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ወርክሾፑ ሥራ በዝቶበት እሑድን እንኳ ከቶርኖው ጋር ነው የዋልኩት።

አዎ፣ ሁሉንም መዝኛለሁ። አዎ፣ ከጣሳው ሥር ጨርቅ አለ። አይ፣ አልቸኮልኩም። ቅባቱን የሠራሁት ወርክሾፑ ጓሮ፣ ሻይ የምናፈላበት ምድጃ ላይ ነው። ፎርማናችን ሽታው ስቦት መጥቶ ማንኪያ ሲያነሳ ደረስኩበት። «ኧረ ይሄ ምሳ አይደለም፣ ለጥይት ነው» ስለው ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እኔስ የሚስቴን ምግብ አማርራለሁ» አለ።

ማር መሰለ ወይ ላሉኝ፣ መስሏል። ዘይቱ ካሰብኩት ትንሽ በለጠ እንጂ ሌላው ሁሉ እንዳሉት ነው። ማጣሪያው ታኅሣሥ 20 ነው።

አንድ ነገር ብቻ። በደብዳቤዎ ላይ «ሁለት ጊዜ አስነበብኩ» ብለዋል። «አነበብኩ» ለማለት ፈልገው ነው? ተማሪዎች «ዘጠና ዘጠኝ» የሚል ቅጽል ያወጡልዎት መቶ ሰጥተው ስለማያውቁ ነው፤ እኔም በዘጠነኛ ክፍል አንዲት ነጥብ ዘንግቼ አንድ ማርክ ተቆርጦብኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፊደል አይሳሳትም ብዬ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 13

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

የሰላምታሽን መሻሻል አስተውያለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ፊደል የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። «አነበብኩ» ነው።

ዘይቱ «ትንሽ በለጠ» ብለሻል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ይህን ጥያቄ በዚያው ክፍል ፈተናሽ ላይ በቀይ የጻፍኩልሽ ይመስለኛል። ቁጥሩን ላኪልኝ። ይህ ደብዳቤ ከማጣሪያው በፊት ካልደረሰሽ ግን አባትሽ የሚለውን አስታውሺ፤ ቃታ አይሳብም፣ እንደ እንቁላል ይጨበጣል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 24

ይድረስ ለአክስቴ፤

ውጤቱን አይጠይቁኝ። ሊቀመንበሩ በእርሳስ ግድግዳው ላይ የሚስማሩን ቦታ ምልክት አድርገዋል፤ ከዚህ ይረዱት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በማጣሪያው ማግስት ነው። ትንሽ ማለት፣ መምህርት፣ ሁለት እጅ ተኩል ሆነ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ነበር። ቅባቱ ቀልጦ ከቦዮቹ ወጣ፤ ወደ ቀለሁ ወርዶ ባሩዱን አረጠበው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ጭራሽ አልተተኮሱም። ሦስተኛው አጠገቤ የሚተኩሱትን ሰውዬ ዒላማ መታልኝ፤ ሰውየው አመስግነውኛል።

ሕጉ አንዴ መድገም ይፈቅዳል። የካቲት 16። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም።

ተናድጄ ነበር። ተናድጄ እያለሁ ከፎርማኑ ቀይ እስክሪብቶ ተዋስኩና የኅዳሩን ደብዳቤዎን አረምኩት፤ እነሆ አብሬ ልኬዋለሁ። «ልክ እንደ ማር» በሚለው ሥር «የማን ማር?» ብዬ ጽፌአለሁ። በእርስዎ ከተማ ብርድ ማር ማንኪያ ያቆማል፤ ቢላዋ ይፈልጋል። የእኔ ማር ግን ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ውሃ ይወርዳል። እኔም የእኔን ማር እስኪመስል ዘይት አፈሰስኩበት።

ከዚያ ንዴቴ በረደና ሌላ ነገር አሰብኩ። እርስዎ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ለሻይ ውሃ እንኳ ያለ ቴርሞሜትር የማያፈሉ ሰው ነዎት። «እንደ ማር» ከእርስዎ አፍ አይወጣም። ቴርሞሜትሩ ምን ሆነ? ጽሕፈትዎ ለምን ተለቀ? መስመሩስ ለምን ወደ ታች ያዘነብላል? መርፌዋን ልብስ ሰፊዋ ብቻ ለምን አገኘች? አክስቴ፣ ሰሙን በሚዛን ነገሩኝ፤ ወርቁን ግን ሸሸጉኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 3

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

አዎ፣ ሞራ ነው። የበሬው ሳይሆን የእኔው። ሁለቱም ዓይኔ ላይ ነው፤ የቀኙ ይብሳል። ቴርሞሜትሩ አልተሰበረም፤ ውስጡ ያለችው ቀይ ክር ናት የጠፋችብኝ። ማንበብ ሲያቅተኝ «እንደ ማር» አልኩ። እንዲህ የጻፈ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን መልሼለት ነበር። ውድድርሽን ያበላሸው የአንቺ እጅ ሳይሆን የእኔ ኩራት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እርማትሽ በቀይ መሆኑን ልብስ ሰፊዋ ነገረችኝ። ለእኔ ግራጫ ነበር። ስታነብልኝ «የማን ማር?» የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ ይገፈፍ ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ነኝ ዛሬ ነገ የምለው። ለምን ብትዪኝ፣ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አሁን ግን ሥራ አለ። ስድስት ሳምንት ይበቃል፣ ካልቸኮልሽ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ሦስት ጣሳ አዘጋጂ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ በያቸው። በሦስቱም ሰሙ አምስት እጅ፣ ሞራው ሦስት እጅ ይሁን። ዘይቱ ብቻ ይለያይ፦ በሀ አንድ እጅ፣ በለ ግማሽ፣ በሐ ሩብ። ከአንድ ነገር በላይ የለወጠ ሰው ምን እንደለወጠው አያውቅም። ከዚያ በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ጥንካሬያቸውን ለኪ። እንዴት እንደምትለኪ እኔ አልነግርሽም፤ ብረት በመቶኛ ሚሊሜትር የምትለኪው አንቺ ነሽ። «ማር» የሚለውን ቃል ግን ቁጥር አድርገሽ አምጪልኝ።

አክስትሽ


ጥር 19

ይድረስ ለአክስቴ፤

ከጤናዎ ልጀምር፤ ዛሬ ሌላውን ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

ለመለኪያው ሦስት ቀን አሰብኩ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄጄ «ሚስማሩን ያውሱኝ» አልኳቸው። «የትኛውን?» አሉ። «የጠመንጃዬን» አልኳቸው። እንደ እብድ አይተውኝ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። አሥራ ሁለት ግራም ይመዝናል፤ ራሱ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ለሥራችን የተፈጠረ ነው። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ጣሳውን አድርጌ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ላይ አቆየሁት፤ ሚስማሩን በቀዳዳው ቀጥ አድርጌ ቅባቱ ላይ አቆምኩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሰመጠ በካሊፐር ለካሁ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ።

ሀ ውስጥ ዘጠኝ ሚሊሜትር ሰመጠ፤ ቦዩ ላይም አልቆየ፣ ወረደ። ሐ ውስጥ ግማሽ ሚሊሜትር፤ ግን ቅባቱ ተሰንጥቆ ከቦዩ ረገፈ። ለ ውስጥ ሁለት ሚሊሜትር። አልወረደም፣ አልረገፈም። በ«ለ» ቅባት ሃያ ጥይት ተኮስኩ፤ ከዚያ በአፈሙዙ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አሳለፍኩ። ጨርቁ ላይ ባሩድ እንጂ አንዲት የእርሳስ ቅንጣት አልነበረችም። ፎርማኑ ጨርቁን ለብርሃን ይዞ «የእኔ ሸሚዝ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም» አለ።

ስለዚህ ማር ማለት ይህ ነው፦ በሠላሳ ስምንት ዲግሪ፣ አሥራ ሁለት ግራም ሚስማር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሚሊሜትር።

አሁን ወደ ጤናዎ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ገልብጬ ልኬአለሁ። እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ ካላረሙት በቀር በዚህ ቅባት ማጣሪያ አልገባም። በልብስ ሰፊዋ ዓይን የታረመ ወረቀት አልቀበልም። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ቢወጣ የእርስዎ ጥፋት ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም ትዝ ይበልዎት። አዎ፣ ማስፈራራቴ ነው። ማን አስተማረኝ?

ችኩሏ


የካቲት 5

(ይህን የምጽፈው እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። አክስትሽ እየነገረችኝ ነው። ቃል ሳልቀይር እንድጽፍ አስምላኛለች፤ በቅንፍ ግን ያለችው ነገር የለም።)

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ጨዋነት የጎደለው ቢሆንም በአሠራሩ የተሟላ ነው። (ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።) ሐሙስ የቀኝ ዓይኔን ሞራ አስገፈፍኩ። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ የፈራሁት ሁለት ዓመት ነው። ሂሳቡን አንቺ ሥሪው። አልጮህኩም። (እውነት ነው። ግን እጄን ጨብጣ የጣቴን ቀለበት አጣመመችው።)

ዓይኔ ተሸፍኗል። ወረቀትሽን ገና አላረምኩም፤ ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት ጥቃቅን ፊደል ከልክሎኛል። ማጣሪያው ከዚያ በፊት ስለሆነ ውላችን እንዲህ ይሻሻል፦ እኔ ዓይኔን ሰጥቻለሁ፤ አንቺ በ«ለ» ቅባት ተኩሺ። ወረቀቱ ቀኑን ጠብቆ ይታረማል፤ ሊቀመንበሩ ግን አይጠብቁም።

(ልጄ፣ እምቢ እንዳትይ። ጨርቁን ለአንድ አፍታ ሲያነሱላት መጀመሪያ ያለችው ምን መሰለሽ? «የግድግዳሽ ቀለም እንዲህ አስቀያሚ ነበር እንዴ?» እኔ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስትወጣ ስትገባ ኖራለች።)

(ምን እየጻፍሽ ነው ትለኛለች። እንግዲህ ይብቃ ብላለች።)

አክስትሽ (በእጄ)


የካቲት 18

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ዓይንዎ እንዴት አደረ? ያቃጥልዎታል? ያሳክክዎታል? እንዳያሹት። ልብስ ሰፊዋን ስለ ሁሉም ነገር፣ ይልቁንም ስለ ቅንፎቹ ያመስግኑልኝ።

ውጤቱን አልጽፍም። የተናደድኩ እንዳይመስልዎት፤ ያሁኑ ምክንያት ሌላ ነው። ዒላማዬን ፖስታው ውስጥ አጥፌ አስገብቼዋለሁ። ዳኛው ቁጥሩን የጻፉበትን ጥግ በመቀስ ቆርጬ አስቀርቻለሁ። አሥር ቀዳዳ አለ፤ እርስዎ ይቁጠሩ። ከሐኪሙ ቀን በፊት እንዳይከፍቱት።

ይህን ያህል ልንገርዎ፤ ሙቀቱ አርባ ነበር። አጠገቤ በደረታቸው ተኝተው የሚተኩሱት ሰውዬ፣ ያኔ ዒላማቸውን የመታሁላቸው፣ «ዛሬም ታግዢኛለሽ?» አሉኝ። «ዛሬ ለራሴ ነኝ» አልኳቸው። ከሦስተኛው ጥይት በኋላ መነጽራቸውን ከራሳቸው ዒላማ አዙረው የእኔን ማየት ጀመሩ።

ፖስታው የከበደው በሚስማሩ ነው። ልመልስ ስሄድ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «እኔ ምን ልሰቅልበት?» አሉ። በግድግዳው ላይ የነበረውን ምልክትም ራሳቸው በላጲስ ሲያጠፉ አየሁ። ሁለት የክለቡ ወጣቶች ደግሞ ትናንት ጠጋ ብለው «ያንን ጭቃ እንዴት ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። ጭቃ አሉት፤ አባቴን የሰሙት መሰለኝ። መጀመሪያ አክስቴ ያርሙት አልኳቸው።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ይህን በራሴ እጅ እየጻፍኩ ነው። ፊደሉ ወደ ድሮው መጠን መመለሱን እንደምታስተውዪ አምናለሁ። ብዕሩ ያው ነው።

የሐኪሙ ቀን ትናንት ነበር፤ ፖስታውን የከፈትኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከትከሻዬ በላይ ልታይ ስትል ከክፍሉ አስወጣኋት። ፈተና ላይ ማገዝ የለም። ዒላማውን መስኮቱ ጋ ዘርግቼ ቆጠርኩ። ዘጠኙ መሐል ናቸው፤ ሦስቱ አንድ ቀዳዳ ሆነው ስለተደራረቡ በማጉያ መነጽር ለይቻቸዋለሁ። አሥረኛዋ ወደ ግራ ወጥታለች። መስመሩን ነክታ ቢሆን ብዬ በማስመሪያ ለካሁ፤ ሁለት ጊዜ። አልነካችም። ዘጠኝ ናት። አዝናለሁ፣ የወንድሜ ልጅ ብትሆኚም ያልነካውን ነካ አልልም።

ድምሩን ከጻፍኩ በኋላ እንደገና አየሁት። ከዚያ ብቻዬን ሳቅኩ። አሥረኛዋን ሆን ብለሽ እንዳላወጣሻት አውቃለሁ፤ ሆን ብለሽ ከሆነም አትንገሪኝ።

ቀጥዬ የቅባቱን ወረቀት አረምኩ። ቀይ እስክሪብቶዬን ከመሳቢያ ሳወጣ ቀይ መሆኑን ማንንም አልጠየቅኩም። ሚዛኑን አየሁ፣ ልክ ነው። ሙቀቱን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ። ሞራው ሦስት እጅ፤ ከወንድሜ ጊዜ ጀምሮ ያልተነካ። መጨረሻው መስመር ላይ ነጥብ ጎደለ ብዬ በጣም ተደሰትኩ፤ በማጉያው ሳየው ግን አለች፣ ትንሽ ናት እንጂ አለች። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ስህተት ፈለግኩ። በዚህ አዲስ ዓይን የጎረቤቴን ግድግዳ ስንጥቅ የማይ ሰው አንድ ስህተት አጣሁ።

ስለዚህ እነሆ ወረቀትሽ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ሦስት አኃዝ ያለው ነው፤ እጄ ስላልለመደው ሁለተኛዋ ዜሮ ትንሽ ጠማማ ሆናለች። አሁን ለወጣቶቹ ስጪያቸው። ርዕሱን ግን «የእህቴ ቅባት» በይው፤ ያንን የጻፈው አባትሽ ነው።

የግራ ዓይኔ ቀጠሮ መጋቢት 20 ነው። አልፈራሁም ብል ልብስ ሰፊዋ በቅንፍ ታጋልጠኛለች።

ዒላማውን በሚስማርሽ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። የሚገባው ሰው ሁሉ ቀርቦ ቀዳዳዎቹን ይቆጥራል፤ ጨርሶም «ዘጠና ዘጠኝ!» ይላል። እኔም የጠራኝ እየመሰለኝ ከጓዳ «አቤት» እላለሁ።

አክስትሽ